ስልሳ አንድ ሜትር ጥቁር ድንጋይ

ከዲሮ ቱሳ የአሰላ ልጅ ነው። አባቱ ቱሳ በአሰላ ገበያ እህል ይነግዳሉ፤ ስንዴውን በመዳፋቸው ዘግነው ከየትኛው አገር እንደመጣ የሚናገሩ፣ የጢቾን ስንዴ ከጮሌው በማሽተት የሚለዩ ሰው ናቸው። ልጃቸው አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ገብቶ በ1962 ዓ.ም. ሲመረቅ ግን የተማረው ምን እንደሆነ ለገበያው ሰው ማስረዳት አቃታቸው። "ድንጋይ ነው የተማረው" እንዳይሉ አፈሩ፤ "ነዳጅ ነው" እንዳይሉ ሰው "ታዲያ የት አለ?" ይላቸዋል። በመጨረሻ "የመሬት ሐኪም ሆኗል" ማለት ጀመሩ። ይህ ደግሞ ነገሩን የባሰ አወሳሰበው፤ በሳምንቱ አንድ ገበሬ ገብስ እምቢ ያለውን ማሳውን እንዲመረምርለት ብሎ ከደጃቸው ቆሞ ተገኘ።

ከዲሮ የተቀጠረው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የነዳጅ ፍለጋ ድርጅት ነው። ሥራውን ለአባቱ ሊያስረዳ ብዙ ጊዜ ሞክሯል።

"አባ፣ ድሮ ይሄ ሁሉ ባሕር ነበር" ይላል።

"የቱ?"

"ይሄ። አርሲ፣ ባሌ፣ ኦጋዴን፣ ሁሉም።"

አባትየው ቀና ብለው የጭላሎን ተራራ ያያሉ። ከዚያ ልጃቸውን ያያሉ።

"ዓሣውስ?"

"ዓሣው ሞተ። ደለሉ ድንጋይ ሆነ። ጭላሎ ከዚያ በኋላ በእሳት የመጣ ነው፤ የባሕሩ ድንጋይ ከሥሩ ተቀብሯል።"

"ይሁን" ይላሉ ቱሳ፣ ለታመመ ሰው እንደሚባለው በለሰለሰ ድምፅ፤ ወደ እህላቸውም ይመለሳሉ።

ነገሩ ግን እውነት ነው። ከጢቾ ወዲያ የዋቤ ወንዝ አገሩን ሰንጥቆ በወረደበት ገደል ላይ የባሕሩ ደለል ድርብርቡ ከላይ እስከ ታች ተራቁቶ ይታያል። ድርጅቱ ይፈልግ የነበረው ከድርብርቡ መካከል አንዱን ነው፤ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የሚላጥ፣ ሲሰብሩት ላምባ ላምባ የሚሸት ጥቁር ድንጋይ። ይህ ድንጋይ ወደ ኦጋዴን ወርዶ በጥልቅ ከተቀበረ ነዳጅ ያመነጫል ተብሎ ይታሰባል። ወፍራም ከሆነ ተስፋ አለ፤ ስስ ከሆነ ሌላ ቦታ መሄድ ነው። ውፍረቱን ሂድና ለካ ተብሎ በታኅሣሥ 1965 ዓ.ም. የተላከው ከዲሮ ነው። አገሩን ያውቃል፣ ቋንቋውን ያውቃል፤ ደግሞም ከቢሮው ሰዎች መካከል እዚያ ገደል መውረድ የፈለገ ሌላ ሰው አልነበረም።

መንገድ የመሩት ኦቦ ሁሴኖ ናቸው። "ኦቦ" የአርሲ ሰው ታላቁን የሚያከብርበት ቃል ነው፤ ሁሴኖም ስልሳ ያለፋቸው፣ ገደሉን እንደ ጓሯቸው የሚያውቁ የዚያው ሰፈር አዛውንት ነበሩ። ገደሉ ላይ ያለው ቀጭን የእግር መንገድ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን መቃብር ለዝያራ የሚሄዱ ተጓዦች የሚወርዱበት ነው፤ እየተጠማዘዘ ቁልቁል እስከ ወንዙ ይደርሳል። ከዲሮም የሚለካው በዚያ መንገድ ዳር ነበር፤ ድንጋዩ በደንብ የተገለጠው እዚያ ነዋ።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሜትር ተኩል የሚረዝም፣ ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ ይዞ ከገደሉ አፍ ጀምሮ ይወርዳል። ዘንጉ ባረፈበት ሁሉ ድንጋዩን በመዶሻ ሰብሮ ያሸታል፣ ቁራጩን በጨርቅ ከረጢት ይቋጥራል፣ በደብተሩ ይጽፋል። የቀኑን ሥራ ሲጨርስ የደረሰበት ቦታ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር የተጻፈበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስቀምጥና ወደ ድንኳኑ ይወጣል። በማግስቱ ከዚያች ድንጋይ ይቀጥላል።

የላይኛውን የኖራ ድንጋይ አምስት ቀን ያለ እንከን ወረደ። በስድስተኛው ቀን ጥቁሩ ድንጋይ ጀመረ፤ ወባውም አብሮ ጀመረ። አራት ቀን ሙሉ ግንባሩ እየነደደ፣ ጠዋት ጠዋት ጉም ገደሉን እየሞላው፣ አሥር ጊዜ እየተቀመጠ ለካ። ጥቁሩ ድንጋይ በጣት ሲነኩት ይፈርሳል፤ የመዶሻ ምልክት አይዝም። በየሁለት በየሦስት ሜትሩ አንድ ስንዝር የምታህል ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ደረጃ ብቅ ትላለች፤ አንዷን ደረጃ ከሌላዋ መለየት ለጤነኛም ያስቸግራል።

ጥቁሩን ድንጋይ በጀመረ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ባለቁጥሯን ድንጋይ ሲያገኛት ቦታው እንግዳ ሆነበት። ትናንት እዚህ ነበር እንዴ ያቆምኩት? ብሎ አሰበ። ዝቅ ያለ ይመስለው ነበር። ግን ቁጥሩ የገዛ እጁ ጽሑፍ ነው፤ የሚዞረው ደግሞ የገዛ ራሱ ነው። ስለዚህ ራሱን ተጠራጥሮ ቁጥሩን አመነ። በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን እንዲሁ አደረገ።

ሲደምረው ስልሳ አንድ ሜትር ሆነ።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ወልደጻድቅ፣ በአዲስ አበባው ቢሮ ደብተሩን ሲያነቡ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ አወለቁ። "ስልሳ አንድ!" አሉ። "ሌሎቹ ያገኙት ሃያም አይሞላም እኮ! አንተ ልጅ፣ ይሄ ከሆነ ካርታችን በሙሉ ይለወጣል።" ተለወጠም። በትልቁ ካርታ ላይ ከዋቤ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መስመር በቀይ እርሳስ ሰፋ ብሎ ተሰመረ። ከጥቂት ወራት በኋላ ለከዲሮ ደብዳቤ ደረሰው፤ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ለሁለት ዓመት ውጭ አገር ሄዶ የደለል ድንጋይና የነዳጅ ትምህርት እንዲማር ተመርጧል። ከዚያ በፊት ግን፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የውጭ ባለሙያዎች መጥተው ስልሳ አንዱን ሜትር በዓይናቸው ያያሉ።

አሰላ ላይ ወሬው እንደ ጉድ ተዛመተ። ቱሳ የልጃቸው ሥራ ምን እንደሆነ አሁንም አልገባቸውም፤ ስልሳ አንድ ግን ገባቸው። ቁጥር ነው፣ ይያዛል፣ ይነገራል። "ስልሳ አንድ ሜትር አገኘ" ይላሉ፣ ስንዴ ሲሰፈር እያዩ። ሰዎቹም "ማሻ አላህ" ይላሉ፤ የምን ስልሳ አንድ እንደሆነ የጠየቀ ግን የለም።

በጥር 1966 ዓ.ም. ከዲሮ ለእንግዶቹ መንገዱን ሊያዘጋጅ ወደ ገደሉ ተመለሰ። ኦቦ ሁሴኖ እንደ ልጃቸው አቅፈው ተቀበሉት። ተከታትለው ሲወርዱ ባለቁጥር ድንጋዮቹን ፈለገ፤ በቦታቸው የሉም። ላዩን አጣቸው፣ ታቹን አጣቸው።

"ኦቦ ሁሴኖ፣ ድንጋዮቼን አይተዋል?"

"አሉ እንጂ!" አሉ አዛውንቱ ደስ ብሏቸው። "ና ላሳይህ።"

ከመንገዱ ከፍ ብላ ካለች ንጹሕ የድንጋይ መደብ ላይ ወሰዱት። ሁሉም ድንጋዮች በሥርዓት ተደርድረው፣ አቧራቸው ተጠርጎ፣ ቀዩ ጽሑፋቸው ወደ ላይ ሆኖ ተቀምጠዋል።

"ሰው የሚረግጠው መንገድ ላይ ትተሃቸው ሄድክ" አሉ ኦቦ ሁሴኖ። "ጽሑፍ ነው። የሼህ ሁሴን ተጓዥ በእግሩ ይርገጠው? ከብት ይርገጠው?"

"ቁጥር እኮ ነው፤ የቁርኣን ጽሑፍ አይደለም።"

"እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፤ አላነብም። ጽሑፍ ግን ጽሑፍ ነው።"

ከዲሮ ሊስቅ አለ። ሥራው ካለቀ በኋላ የተነሳ ድንጋይ ምን ጉዳት አለው? ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

"መቼ ነው ያነሷቸው?"

"እነዚህን ከሄድክ በኋላ። እነዚህን ሦስቱን ግን ያኔውኑ ነው። ከላይ ስትለካ ድንጋዩን የምታስቀምጠው ከመንገዱ ወጣ አድርገህ ነበር። ጥቁሩ ጋ ስትደርስ ግን አመመህ መሰለኝ፣ መሀል መንገድ ላይ መተው ጀመርክ። አንተ ወደ ድንኳንህ ስትወጣ እኔ አነሳና ከላይ ካሉት ጠንካራ ደረጃዎች አንዷ ላይ አስቀምጥልህ ነበር። ጠዋት ስትመጣ እንድታገኛት ደግሞ ከመንገዱ አላራቅኋትም" አሉ፤ ይህን ሲሉ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበራቸው።

ከዲሮ መደቡ ላይ ቁጭ አለ። አእምሮው ወዲያና ወዲህ ተራወጠ። ሦስት ማታ ወደ ላይ ከተነሳች፣ ሦስት ጠዋት የለካውን እንደገና ለክቷል ማለት ነው። ወይስ አልለካም? ምናልባት ያነሷት ግማሽ ሜትር ብቻ ይሆናል።

"ምን ያህል ወደ ላይ?"

"እንዲህ" አሉና በእጃቸው አንድ ነገር አሳዩ፤ እጃቸው ሰፋ አለ፣ ጠበበ፣ እንደገና ሰፋ። "አራት ደረጃ አልፌ ይሆናል፤ ወይም ስድስት። መንገዱ ይጠማዘዛል አይደል።"

ዘንጉን አንስቶ ጥቁሩን ድንጋይ እንደ አዲስ መለካት ጀመረ። በዚህ ጊዜ ጤነኛ ነው፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ሃያ ሦስት ሜትር። አላመነም። ከሥር ወደ ላይ ለካ፤ ሃያ ሦስት። በማግስቱ ከመንገዱ ርቆ በሌላ ሸንተረር ለካ፤ ሃያ ሦስት ከትንሽ ነገር። ኦቦ ሁሴኖ ከኋላው ከረጢት ይዘው ይከተሉታል፤ ፊቱን ያያሉ፣ አይጠይቁም። እሱም አልነገራቸውም። ምን ብሎ ይንገራቸው? እንዳይረገጥ ብለው በክብር ያነሱትን ነገር፣ ሕይወቴን አበላሹብኝ ይበላቸው?

ከጢቾ ወደ አሰላ በእህል ጫኝ መኪና ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ሲያስብ መጣ፤ አንዱም ሐሳብ ግን ጫፍ አልያዘለትም። ዝም ቢልስ? እንግዶቹ ያዩታል፤ ግን ፈረንጆቹ ገደሉን አንድ ቀን ወርደው ይወጣሉ፣ ዘንግ ይዘው አይለኩም፤ ጥቁሩ ድንጋይም በዓይን ሲያዩት ማለቂያ የለው። ቢናገርስ? ትምህርቱ ይቀራል። ደግሞስ የቱ ነው ትክክሉ፣ የመጀመሪያው ወይስ የአሁኑ? ሦስት ጊዜ ለክቶ ሃያ ሦስት እንዳገኘ እያወቀ፣ ልቡ ለስልሳ አንዱ ጠበቃ ቆመ። በዚህ በራሱ በጣም አፈረ።

"አባ፣ ቁጥሩ ቢቀንስስ?" አለ እቤት እንደደረሰ።

ቱሳ አልገባቸውም። "ድንጋይ ይቀንሳል እንዴ? ነቀዝ በላው?"

"እኔ ተሳስቼ ከሆነስ?"

"ለገበያው ሁሉ ነግሬያለሁ እኮ" አሉ አባትየው። ወዲያው ደግሞ የተናገሩት ነገር ለራሳቸውም ደስ ያላላቸው ይመስል ተነስተው ወደ ጓሮ ሄዱ።

አዲስ አበባ የደረሰው የካቲት አጋማሽ ላይ ነው፤ ከተማው ራሱ ግራ ተጋብቶ ቆየው። የቤንዚን ዋጋ ጨመረ ብለው ታክሲዎች ቆመዋል፣ ተማሪው መንገድ ላይ ነው፣ ወታደሩ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ የለም። ከዲሮ ሻንጣውን ተሸክሞ በእግሩ ወደ ቢሮው ሄደ። ሰው ሁሉ ስለ ቤንዚን በሚጮህበት ቀን እሱ ነዳጅ የማግኘቱን ተስፋ ከግማሽ በላይ ሊቀንስ እየሄደ ነበር። ይህን ሲያስብ ሳቁ መጣ፤ ከዚያ ማልቀስ አማረው።

አቶ ወልደጻድቅ ቁጥሩን ሰምተው ለጥቂት ጊዜ ካርታው ላይ ያለውን ቀይ መስመር ተመለከቱ።

"እንዴት ሊሆን ቻለ?"

ከዲሮ መንገዱን ሁሉ የተዘጋጀበት ጥያቄ ነበር። ኦቦ ሁሴኖ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲያስቀምጡ ታየው።

"ወባ ነበረብኝ" አለ። "ሦስት ቀን የለካሁትን ደግሜ ለክቼዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ሦስት ቀን ሙሉ?"

"ሦስት ቀን ሙሉ።"

"ይሄን የሚያህል ነገር የሚስት ሰው እንዴት ውጭ እልካለሁ?" አሉ አቶ ወልደጻድቅ። የተቆጡ አይመስሉም፤ የደከሙ ይመስላሉ። "ደግ አደረግህ መንገርህ። ግን አልችልም።" እንግዶቹ እንዳይመጡ ተጻፈ፤ የትምህርቱ ዕድል ለሌላ ሰው ሄደ። ከዲሮ ከሥራው አልተባረረም፤ የሌሎች ሰዎችን ከረጢቶች በሚደረድርበት ክፍል ተመደበ። ጥፋቱን በመውሰዱ ልቡ ቀለል ይላል ብሎ ነበር፤ አላለውም። ለምን እንደዋሸ እንኳ በቅጡ አያውቅም። ለአዛውንቱ አዝኖ ነው? ወይስ አንድ ማንበብ የማይችል ሰው ድንጋይ አንስቶ አሳሳተኝ ማለት አሳፍሮት? ሁለቱም እውነት ይመስሉታል።

በሰኔ ወር ለዕረፍት አሰላ ሳለ አንድ ጠዋት እናቱ ዙቤዳ እየሮጡ ገቡ። "ሽማግሌዎች ከደጅ ቆመዋል! ሣር ይዘዋል!"

እርጥብ ሣር ይዞ ደጅ መቆም በአርሲ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቃል፤ የበደለ ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቷል ማለት ነው። ቱሳ ማን በደለኝ ብለው እያሰላሰሉ ወጡ፤ ከዲሮም ተከተላቸው። በሁለት ሽማግሌዎች መካከል ኦቦ ሁሴኖ ቆመዋል፤ ሣሩን የያዙት እሳቸው ናቸው። ከጢቾ ድረስ መጥተው "ግቡ" ቢባሉ እምቢ አሉ።

"መጀመሪያ ነገሬን ልናገር" አሉ። ከዲሮን እያዩ በኦሮምኛ ቀጠሉ። "ያን ቀን እንደገና ስትለካ ከኋላህ ነበርኩ። ፊትህን አይቻለሁ። ቆይቼ እንግዶቹ ቀሩ ሲባል ሰማሁ፤ የእህል መኪና ሹፌሩ ደግሞ የቱሳ ልጅ በልክ ስህተት ጉዞው ቀረበት አለኝ። እቤቴ ተቀምጬ አሰብኩት። ድንጋዩን ያነሳው ማነው? እኔ ነኝ። ስህተቱ የማነው ተባለ? የከዲሮ። ለምን እንዲህ ሆነ?"

"ኦቦ ሁሴኖ፣ እርስዎ ክፉ አላሰቡም..."

"ክፉ አላሰብኩም። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ አንተ ወሰድክብኝ። ሽማግሌ ነኝ፤ ልጅ ጥፋቴን ተሸክሞልኝ እንዴት ነው ከሰው ፊት የምቆመው? መልስልኝ።"

ቱሳ አንዴ ልጃቸውን አንዴ እንግዳውን አዩ፤ ነገሩ ገና አሁን እየገባቸው ነበር። ከዲሮ ደግ ነገር ያደረገ መስሎት ነበር፤ ለካ እኚህን ሰው ሳይጠይቅ እንደ ሕፃን ቆጥሯቸዋል። ወረቀት አምጥቶ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ለአቶ ወልደጻድቅ ጻፈ፤ የሆነውን ሁሉ፣ ማን ድንጋዩን እንዳነሳ፣ ለምን እንዳነሳ፣ እሱም ለምን እንደዋሸ። ጽፎ ሲጨርስ በኦሮምኛ እየመለሰ አነበበላቸው።

"ስሜ የት ጋ ነው?"

በጣቱ አሳያቸው።

"ሁሴኖ ብቻ? ሁሴኖ እኮ ብዙ ነው። ሁሴኖ ገመዳ በል።"

ጨመረበት። ደብዳቤው ትምህርቱን እንደማይመልስለት ያውቃል፤ የሚሄደው ሰው ፓስፖርቱን ጨርሷል። ኦቦ ሁሴኖ ግን ትከሻቸው ቀና አለ። ሣሩን በሁለት እጃቸው ዘረጉለት።

"አሁን ይቅር በለኝ" አሉ።

ከዲሮ "ይቅር ብያለሁ" ሊል አፉን ከፈተ። ይህን ቃል ከጥር ጀምሮ በልቡ ሲለው ነበር፤ ቀላል ቃል ነው። አሁን ግን እውነት አልመስል አለው። ድንጋዮቹ፣ ስልሳ አንዱ፣ ከረጢት የሚደረድርበት ጨለማ ክፍል፣ የአባቱ ፊት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ተናደደ፤ በወባው አይደለም፣ በራሱም አይደለም፣ ከፊቱ በቆሙት በእኚህ ደግ ሰው ነው የተናደደው።

"አልቻልኩም" አለ። "ኦቦ ሁሴኖ፣ ተቆጥቻለሁ። በጣም ተቆጥቻለሁ።"

አባቱ ደንግጠው ሊገስጹት ሲሉ ኦቦ ሁሴኖ በእጃቸው ከለከሏቸው። ሣሩን አላወረዱም።

"ተቆጣ ልጄ" አሉ። "ለእሱም ነው የመጣሁት።"